ጌሾ ሲያብብ

ዳባት ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጓሮ ነው። ጌሾ አለ ወይ? ካለስ እንዴት ተቆርጧል? በአቆራረጡ የባለቤቱን ጠባይ አውቃለሁ ስል ይስቁብኛል። አውቃለሁ ግን።

ተክሉን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ቅጠሉ ቅቤ እንደተቀባ የሚያብረቀርቅ፣ ክረምት ከበጋ የማይራገፍ፣ ከተዉት ዛፍ የሚያህል ቁጥቋጦ ነው። ደጋ ይስማማዋል፤ የዳባት ከ2,500 ሜትር በላይ መሆን አይከብደውም። ቅጠሉ በተለይ ለጠላ፣ እንጨቱ ደግሞ ለጠጅ ይሄዳል። የሚያሰክረው ጌሾው ነው የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። አይደለም፤ ጠላን የሚያሰክረው ከብቅሉ የሚገኘው ስኳር ሲፈላ ነው። ጌሾ ምሬቱን ሰጥቶ መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል።

እኔን የሚያበሽቀኝ «የኢትዮጵያ ሆፕ» የሚሉት ስም ነው። ፈረንጅ አወጣው፣ እኛም ሳንመረምር ተቀበልነው። ሆፕ የቢራ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት፣ በገመድ ላይ እየተጠመጠመ ሽቅብ የሚወጣ ሐረግ ነው። የቅርብ ዘመዱ ካናቢስ ነው፤ ሊቃውንቱ ሁለቱን በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። ጌሾ ከዚያ ቤተሰብ አይደለም። የእሱ ዘመዶች እዚሁ አገር ያሉት ጸዶና ቁርቁራ ናቸው።

ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ስሙ ግን የአያያዝ ስህተት አስከትሎ መጣ። ሆፕም ካናቢስም የሚፈለጉት በሴቴ አበባቸው ነው፤ ሙጫውም ሽታውም ያለው እዚያ ነው። የእነሱ አልሚ የታችኛውን ቅጠል የሚያራግፈው ለአበባው ብሎ ነው። የጌሾ አበባ ግን ምንድን ነው? ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ብብት ውስጥ የሚሸጎጥ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ልብ ብሎ ያላየው የማያገኘው ትንሽ ነገር። ለንብ ይጠቅማል፤ ለጠማቂ ምንም አይደለም። ምሬቱ ያለው ቅጠሉ ውስጥ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ኬሚስቱ ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው አንዱን መራራ ንጥረ ነገር ከቅጠሉ አውጥተው ጌሾይዲን ብለው አሳተሙት። ስሙ ራሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

ስለዚህ ጌሾ ማበብ ሲጀምር «ይድረስ» ብሎ መጠበቅ የሌላ ተክል ልማድ ነው። አበባው ፍሬ ይሆናል፣ ፍሬው ይቀላል፣ ኋላም ይጠቁራል፤ ከዚያ የወፍ ድርሻ ነው። ዘር የሚፈልግ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ይተው። የቀረውን መቁረጥ ነው።

መቁረጥ አልኩ እንጂ መሸምጠጥ አላልኩም። ይህን የተማርኩት በቁጣ ነው። ልጅ ሳለሁ አክስቴ ለጠላ ቅጠል አምጣ ብላኝ፣ ማበብ የጀመረውን ቅርንጫፍ ጫፉን ይዤ ቁልቁል ሸመጠጥኩት። ቅጠሉ ከነአበባው፣ ልጡም ጭምር እጄ ላይ ቀረ።

«አንተ ልጅ፣ ቆዳውን ገፈፍከው እኮ! እዚህ ቤት ማጭድ የለም?»

ማጭዷን ይዛ መጣች። ያረጀውን ቅርንጫፍ መረጠች፤ ጉንቁል ካለበት ትንሽ ከፍ ብላ በሰያፍ፣ በአንድ ምት ቆረጠችው። ለጋውን አልነካችም። መሐል ላይ እርስ በርስ የሚፋተጉትን አወጣች፤ ከዚያ በቅጠሉ መሐል ሰማይ ይታይ ጀመር። የቆረጠችውን ቅጠሉን ለብቻ አሰጣች፣ እንጨቱን ለብቻ ከመረች። ያ ቁጥቋጦ ከየቁርጡ ሥር ሁለት ሦስት ሆኖ አቆጠቆጠ፤ እኔ የሸመጠጥኩት ቅርንጫፍ ግን ከጫፉ ጀምሮ ደረቀ። አክስቴ ደረቁን ሳትቆርጥ ብዙ ጊዜ ተወችው። እንዳየው መሰለኝ።

ዛሬም ሸምጣጮች ሞልተዋል። ገበያ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀጠቀ፣ ቅጠሉ የተቀደደ፣ ጥቁር ፍሬ የተቀላቀለበት ጌሾ ካያችሁ የእነሱ ሥራ ነው። እኔ የምገዛው ከነእንጨቱ ታስሮ የመጣውን ነው። እስሩን ገልብጬ የተቆረጠበትን ጫፍ አንድ በአንድ አያለሁ፦ ሰያፍ ነው? ልጡ አልተላጠም?

አንዷ ሻጭ ባለፈው ታግሣ ታግሣ፣ «ወንድሜ፣ ጌሾ ነው ሙሽራ ነው የምትመርጠው?» አለችኝ።