ከሆሳዕና ወደ ስምጥ ሸለቆ ፓርኮች፦ ከቤተሰብ ጋር ለሚጓዙ

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ቤተሰብ በብዛት የሚሰባሰበው በመስከረም ነው። ለያሆዴና ለመሳላ በዓል ከአዲስ አበባም ከደቡብ አፍሪካም የመጡ ልጆች ቤቱን ይሞላሉ፤ በዓሉ እንዳለፈም ልጆችን የዱር እንስሳት የማሳየት ሐሳብ ይነሳል። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ወቅቱ አይመችም። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሣሩ ረጅም ነው፤ እንስሳቱም ውኃ በየቦታው ስለሚያገኙ ይበታተናሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን ሣሩ ይደርቃል፣ ሙቀቱም ይለዝባል።

ለአካባቢው ቅርብ የሆነው የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከሆሳዕና በሀላባ ቁሊቶ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ፣ ከዚያም በአርሲ ነገሌ በኩል ይደረስበታል፤ በወራቤና በቡታጅራ ወደ ባቱ (ዝዋይ) ወጥቶ በቡልቡላ መውረድም ይቻላል። ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው። የሻላ ሐይቅ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ በዳርቻውም ፍል ውኃ ይፈልቃል። ሰጎንና ሚዳቋ በግራሩ መካከል ይታያሉ።

ብዙዎች ሳያስቡት የሚቸገሩት በአብጃታ ዳርቻ ነው። ሐይቁ ለመስኖ በሚሳበው ውኃና በሶዳ አሽ ምርት ምክንያት ባለፉት አሥርተ ዓመታት እጅግ ሸሽቷል። ውኃው የለቀቀው ሜዳ ላዩ ነጭና ደረቅ ይምሰል እንጂ ከሥሩ ጭቃ ነው። ወፎቹን ቀርቦ ለማየት መኪና ይዞ የገባ ሰው ጎማው ሲሰምጥ ጥላ በሌለበት ሜዳ ከነልጆቹ ይቆማል። መኪናውን ጠንካራ መሬት ላይ አቁሞ በፓርኩ ስካውት እየተመሩ በእግር መሄድ ይሻላል።

ሁለተኛው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከባቱ በሞጆና በአዳማ ወደ መተሐራ ይኬዳል፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ አዳማ ማደር ይመረጣል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ፣ ከአብጃታ በተቃራኒ፣ እየሰፋ ሄዶ አውራ ጎዳናውን ሳይቀር ያስቸገረ ነው። ፓርኩ በሕግ የተደነገገው በ1961 ዓ.ም. ሲሆን ቀንደ ረጅሙ ሳላ፣ የአዋሽ ፏፏቴና የፈንታሌ ተራራ ይገኙበታል። በዚሁ አካባቢ በ2017 ዓ.ም. ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ በርካታ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ስለሆነም ከመነሣት በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው መጠየቅ ግድ ነው።

የሆሳዕና ሰው ለደጋ አየር የለመደ በመሆኑ በቆላው ሙቀት ቶሎ ይደክማል። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አራት ሊትር የመጠጥ ውኃ፣ ለራዲያተሩም ለብቻው መያዝ ይገባል። ትርፍ ጎማና ክሪክ ከቤት ሳይወጡ ይፈተሹ። ለስንቅ ቆጮ ከማንኛውም ይበልጣል፤ አታካና ግን ወተትና ቅቤ ስላለበት በሙቀት ይበላሻል፣ እቤት ተበልቶ ቢወጣ ይመረጣል። ሕፃን በቆመ መኪና ውስጥ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን አይተውም። ቆላው የወባ አገር ስለሆነ አጎበር አይረሳ፤ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ልጅ ለጤና ባለሙያ የት እንደነበረ ተነግሮለት ደሙ ይመርመር።

በአዋሽ የፍል ውኃ ምንጮች ከመነከር በፊት የሙቀቱን መጠን የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ኩሬ ቆዳ ያቃጥላል። በወንዙ ውስጥ ግን አዞ ስላለ ልጆች ወደ ዳርቻው እንዲወርዱ አይፈቀድም።