የማኅበሩ መልእክተኛ የመመለሻ ወንበሩን አስቀድሞ ይያዝ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና፣ በተለይም ደምበል በተባለው ትልቅ የገበያ ሕንፃ አካባቢ፣ ከክፍለ ሀገር ለጉዳይ የመጡ ሰዎችን ማየት የተለመደ ነው። አንዱ የወፍጮ ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተር መለዋወጫ ዋጋ ሊጠይቅ መጥቷል። ሌላው የኅብረት ሥራ ማኅበሩን የባንክ ጉዳይ ሊያስፈጽም ነው። ሌላው ደግሞ ከወረዳ ጤና ጣቢያ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የተላለፈ በሽተኛ ይዞ ነው። ሁሉም ጋቢውን ደርቦ፣ የማኅበሩን ወረቀትና ማኅተም በብብቱ ይዞ፣ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ጉዳዩን ጨርሶ ቶሎ ወደ ቀዬው መመለስ ነው።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በሁለት ቀን አልቆ ሰውየው በአራተኛውም ቀን ያልተሳፈረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ምክንያቱም ጉዳዩን እንጂ የመመለሻ ወንበሩን አስቀድሞ አላሰበበትም።

አንድ የማኅበር ሊቀ መንበር ከጎጃም በኩል በግንቦት መጨረሻ አዲስ አበባ ገባ እንበል። ማዳበሪያ የሚከፋፈልበት፣ መሬቱ ደጋግሞ የሚታረስበት ሰሞን ነው። የተላከበትን ጉዳይ ማክሰኞ ጨረሰ። ረቡዕ ሌሊት መናኸሪያ ቢሄድ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። ሐሙስም እንዲሁ። አንድ ቀን ባደረ ቁጥር የአልጋ ኪራይ ይከፍላል፣ ምግብ በሆቴል ይበላል፣ የውሎ አበሉም ከአባላት መዋጮ ላይ ይቆረጣል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ግን በአገር ቤት የሚጠብቀው ሥራ ነው። የማዳበሪያው መረከቢያ ሰነድ የእርሱን ፊርማ ይጠብቃል። በሬዎቹ ቆመዋል። ዝናቡ ግን አይጠብቅም። እንግዲህ የአንድ ወንበር ጉዳይ የአንድ ሰው ምቾት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል።

ወንበር የሚገኝባቸው ሁለት መንገዶች

በአሁኑ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር የሚጓዝ ሰው መቀመጫ የሚያገኘው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው የመናኸሪያው መንገድ ነው። መርካቶ የሚገኘው አውቶቡስ ተራ ለብዙ ዘመን የታወቀ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ላምበረት፣ ቃሊቲ፣ አስኮና አየር ጤና ተጨምረዋል። በእነዚህ መናኸሪያዎች አውቶቡሶች በደረጃ ተከፋፍለው በስምሪት ተራቸው ይጭናሉ። የመንግሥት ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያወጣው ታሪፍም አለ። ተሳፋሪው ብዙውን ጊዜ ትኬት የሚቆርጠው በዋዜማው ወይም በዚያው ሌሊት ነው። በአዘቦት ቀን ይህ አያስቸግርም። በበዓል ሰሞን ግን ሰልፉ ይረዝማል፣ ደላላ ይበዛል፣ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅም አይጠፋም።

ሁለተኛው በቅድሚያ ሽያጭ የሚሠሩት የአውቶቡስ ድርጅቶች መንገድ ነው። ሰላም ባስ፣ ስካይ ባስ፣ ዘመን ባስና ዓባይ ባስ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። በተለይ ሰላምና ስካይ ለብዙ ዓመታት ትኬት ይሸጡ የነበረውም፣ ጎሕ ሳይቀድ ተሳፋሪያቸውን ይጭኑ የነበረውም ከደምበል በእግር በሚደረስበት በመስቀል አደባባይ ነው። በእነዚህ ድርጅቶች አሠራር ትኬቱ ከጉዞው ከቀናት በፊት ይሸጣል። እያንዳንዱ ወንበር ቁጥር አለው። መቀመጫው ሁለት በሁለት ነው። ዋጋው ከተራው አውቶቡስ ይበልጣል፤ ዳሩ ግን የሁለት ቀን አልጋና ምግብ ተደምሮ ሲታሰብ የትኛው እንደሚረክስ እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ ሒሳብ ሊመለከተው ይገባል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ወደ ከተማ የመጣ መልእክተኛ በመጀመሪያው ቀን፣ ወደ ቢሮ ከመግባቱ በፊት፣ የመመለሻ ትኬቱን ይቁረጥ። ጉዳዩ የሚያልቅበትን ቀን በትክክል ባያውቅ እንኳ፣ ትኬት ሻጩን የቀን ለውጥ ይፈቀድ እንደሆነ፣ እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግና ምን ያህል ገንዘብ እንደሚቆረጥበት ቢጠይቅ መንገዱ ይከፈትለታል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት

ረጅም መንገድ የሚሄዱ አውቶቡሶች ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ የሚነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ በጨለማ እንዳይጓዝ ለብዙ ዘመን ሲከለከል ስለኖረ፣ ቀኑን በሙሉ መጠቀም ግድ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጎንደር ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጎጃም መንገድ የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት ራሱን የቻለ ጊዜ ይወስዳል። ይህም አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ ከተከፈተ በኋላም ያልቀረ ነው። ድልድዩ ማቋረጡን አቀለለ እንጂ ቁልቁለቱንና ዳገቱን አላነሣውም።

ስለዚህ ሰዓቱ ያለፈበት ተሳፋሪ የሚያጣው አንድ ሰዓት ሳይሆን አንድ ሙሉ ቀን ነው። ለመጫን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ፣ በዚያ ሌሊት ታክሲ ከየት እንደሚገኝ በዋዜማው ማጣራት፣ ከተቻለም ከመነሻው በቅርብ ማደር ያስፈልጋል።

ትኬቱን አንብቡት

ትኬት መያዝ ብቻውን ወንበር መያዝ አይደለም። ከመስኮቱ ሳይርቁ የሚከተሉትን ነገሮች ማየት ተገቢ ነው።

አንደኛ ስም ነው። በትኬቱ ላይ የተጻፈው ስምና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ መሆን አለበት። ማኅበሩ ሰው ሲለውጥ ትኬቱም ይለወጥ።

ሁለተኛ ቀን ነው። በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚወጣ ትኬት አንዳንድ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይታተማል። የእኛ ጥር 8 ቀን በአብዛኛው ዓመት በፈረንጅ ጥር 16 ላይ ይውላል። ቀኑን ብቻ አይተው «ጥር 16 ነው» ብለው የተቀመጡ ሰዎች ወንበራቸው ከስምንት ቀን በፊት ሄዷል ማለት ነው። ትኬት ሻጩ የሳምንቱን ዕለት ጭምር እንዲነግራችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ ሰዓት ነው። በፈረንጅ ሰዓት ከንጋቱ 5 ሰዓት የተባለው የእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ይህን በረፋዱ 5 ሰዓት የተረጎመ ሰው ሲደርስ አውቶቡሱ ብዙ መንገድ ሄዷል።

አራተኛ የመነሻ ቦታ ነው። ትኬት የተሸጠበት ቢሮና አውቶቡሱ የሚነሣበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ከመርካቶ ነው ወይስ ከላምበረት? ከቃሊቲ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ? ከከተማው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው በሌሊት መሮጥ ቀላል እንዳልሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

አምስተኛ የወንበር ቁጥር፣ የተከፈለው ገንዘብ ልክና የዕቃ ጉዳይ ነው። ከባድ ዕቃ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ የሞተር መለዋወጫ ወይም የዘር ከረጢት፣ ዕቃው ከፖርቶ መጋላ ላይ ይጫን ወይስ በሆዱ ይግባ፣ ተጨማሪ ክፍያስ አለው ወይ ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። የትኬቱ ጉራጅም አይጣል። ለማኅበሩ ገንዘብ ያዥና ለቁጥጥር ኮሚቴው የወጪ ማስረጃ ነውና።

በስልክ የሚቆረጥ ትኬት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚቆረጥ ትኬት ወደ ክፍለ ሀገር አውቶቡሶችም ገብቷል። ክፍያውን በስልክ መፈጸም የተቻለውም እንደ ቴሌብር ባሉ አገልግሎቶች ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም ይሠራል። ይህ ለገጠሩ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው። ትኬት ለመቁረጥ ብቻ ወደ ከተማ መሄድ ይቀራልና።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ገንዘብ የሚላከው በድርጅቱ ስም ወደተመዘገበ መክፈያ እንጂ «እኔ አስቆርጥልሃለሁ» ወዳለ ግለሰብ ስልክ መሆን የለበትም። ከተከፈለ በኋላ የወንበር ቁጥር ያለበት መልእክት ካልመጣ ወንበር አልተያዘም። የስልክ ባትሪ በሌሊት ሊያልቅ ስለሚችልም ቁጥሩን በወረቀት ላይ መገልበጥ ብልህነት ነው።

የመንገድ ዳር ተሳፋሪ

ከሁሉ የሚከብደው ችግር ግን ከመነሻው ሳይሆን ከመካከል የሚሳፈረው ሰው ችግር ነው። ብዙው ገበሬ የሚኖረው አውቶቡስ ከሚነሣባቸው ትልልቅ ከተሞች አይደለም። ከገጠር ወጥቶ በዋናው መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። አውቶቡሱ ከመነሻው ሞልቶ ስለሚመጣ ያልፈዋል፤ ወይም በመተላለፊያው ላይ በዱካ አስቀምጦ በትርፍ ይጭነዋል። ትርፍ መጫን ሕግ የሚከለክለው ከመሆኑም በላይ አደጋ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚጎዳው ያ መያዣ የሌለው ሰው ነው።

ይህ ችግር በሌላ አገርም የታወቀ ነው። ሕንድ የባቡር ወንበርን በኮምፒውተር መያዝ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ወንበሩ ሁሉ ከመነሻው ጣቢያ ተሽጦ እንዳያልቅ ከመካከል ጣቢያ ለሚሳፈሩ ሰዎች የተለየ ኮታ ይቀመጣል። ቀደም ብሎ መቁረጥም ልክ አለው። በዚያ አገር ትኬት ከ120 ቀን በፊት ይሸጥ የነበረው ብዙ ሰው ቆርጦ ስለሚሰርዝ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ወደ 60 ቀን ዝቅ ተደርጓል።

በእኛም አገር የመካከል ከተሞች ነዋሪዎች ለጊዜው ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር አለ። በአንድ ሳምንት የሚጓዙ አራትና አምስት ሰዎች ካሉ፣ ከመነሻው ከተማ ዘመድ ወይም የዩኒየኑ ሠራተኛ በአንድነት ትኬት እንዲቆርጥላቸው ማድረግ ይቻላል። ከመነሻው ጀምሮ ያለው ሙሉ ዋጋ ሊከፈል ይችላል። የሚሳፈሩበት ቦታም በትኬቱ ላይ መጻፍ፣ ለረዳቱም መነገር አለበት። አለዚያ ባዶ ወንበር ነው ተብሎ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ሌላው ምርጫ በዋዜማው ወደ መነሻው ከተማ ሄዶ ማደር ነው።

የማኅበር መሪዎች ምን ያድርጉ?

እያንዳንዱ ማኅበር ለዚህ ጉዳይ ኃላፊ የሚሆን ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ስልክ ያለው አንድ ሰው ቢመድብ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ይህ ሰው የድርጅቶቹንና የመናኸሪያውን ስልክ በመዝገብ ይይዛል። በማኅበሩ ስም ማን መቼ እንደሚጓዝ ይጽፋል። በሽተኛ ይዞ ጥቁር አንበሳን ወደመሰለ ሆስፒታል በቀጠሮ የሚሄድ አባል ካለ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የእርሱን ወንበር ያስይዛል። የሐኪም ቀጠሮ አንድ ቀን ካለፈ እንደገና እስኪገኝ ወራት ሊፈጅ ይችላልና፣ ከማኅበሩ መልእክተኛ ይልቅ በሽተኛው ይቅደም።

ይኸው ሰው የበዓላቱን ሰሞን አስቀድሞ ይቍጠር። መስከረም ወር ከዘመን መለወጫ፣ ከመስቀልና ከግሸን ማርያም ጋር ይመጣል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ልደት በላሊበላ፣ ጥር 11 ደግሞ ጥምቀት በጎንደር ይከበራል። በእነዚህ ቀናት አካባቢ በየአቅጣጫው ወንበር ይጠባል። ለማኅበሩ ሥራ ሌላ ቀን መምረጥ፣ ካልተቻለም ከአንድ ሳምንት በፊት መቁረጥ ይሻላል።

በመጨረሻም ትኬት ወንበርን እንጂ መንገድን ዋስ እንደማይሆን መዘንጋት የለበትም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት አውቶቡስ የቆመባቸው፣ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ስለሆነም በዋዜማው ደውሎ መንገዱ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ፣ ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ትኬቱ ሲቆረጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለአንድ ቀን የሚሆን የመጠባበቂያ ገንዘብ መያዝም ከችግር ያድናል።

ገበሬ ዘሩን ከክረምቱ በፊት ያዘጋጃል እንጂ ዝናቡ ከጣለ በኋላ ጎተራ አይፈትሽም። ለመንገዱም እንዲሁ ያድርግ። በደምበል አካባቢ ጉዳዩን የጨረሰው መልእክተኛ በዚያው ማታ ተረጋግቶ የሚተኛው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሣው አውቶቡስ ላይ በስሙ የተያዘ ወንበር እንዳለው ሲያውቅ ነው። በአገር ቤት የሚጠብቁት ሰዎችም የማዳበሪያውን መረከቢያ ቀን በእርግጠኝነት መቁረጥ የሚችሉት ያን ጊዜ ነው።