ቡአን ማስጠገን፤ በቀዳዳ ወይስ በቀዶ?

ከዘመዶቻችን አንድ አረጋዊ ቡአ ይዟቸው 7 ዓመት በጋቢያቸው ሸፍነው ኖሩ። ከስግደት ሲነሡ ብሽሽታቸውን በእጃቸው ደግፈው ያያቸው ሁሉ የወገብ ሕመም ይመስለው ነበር። ነገሩ ተገልጦ ሐኪም ቤት በሄዱ ጊዜ ቤተ ሰቡ በሁለት ተከፈለ። ልጃቸው «ዛሬ በትንሽ ቀዳዳ እየተሠራ ሰውነታቸው ለምን ይቀደዳል?» ሲል፥ ባለቤታቸው «ሐኪሙ በዓይኑ እያየ ይሥራ» አሉ። እኛም እንድናስታርቅ ተጠራን።

ቡአ የሚባለው የሆድ ግድግዳ ሳስቶ አንጀት ወይም ሞራ በዚያ ገፍቶ ሲወጣ ነው። የሚዋጥ መድኀኒት አይደፍነውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. የፓዱዋው ሐኪም ባሲኒ ግድግዳውን በስፌት የሚያጠነክርበትን ዘዴ አስታወቀ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ሊክተንስታይን ከባልደረቦቹ ጋራ፥ ሥጋውን ስቦ ከመስፋት ይልቅ በመረብ መጠገን እንደሚሻል ጻፈ። ዛሬ በሁለቱም መንገድ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ መረብ ነው፤ ልዩነቱ ከፊት ወይም ከኋላ መግባቱ ነው።

በቀዶ የሚደረገው ኦፕራሲዮን ብሽሽት ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይከፍታል፤ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ ሊፈጸምም ይችላል። በቀዳዳ የሚደረገው ግን ካሜራና ውስጡን የሚነፋ ጋዝ፥ አብዛኛውን ጊዜም ሙሉ ማደንዘዣ ይሻል። እንግዲህ ቁስሉ ስላነሰ ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው አይባልም።

ጥቅሙ ግን እውነተኛ ነው። የፊተኞቹ ቀኖች ሕመም ያንሳል፥ ወደ ሥራ መመለስም ይፈጥናል። ቡአው በግራም በቀኝም ሲሆን በእነዚያው ቀዳዳዎች ሁለቱ ይጠገናሉ፤ ከፊት ተሠርቶ የተመለሰ እንደ ሆነም፥ ጠባሳውን ሳይነኩ ከኋላ መድረስ ይቻላል። ነገር ግን እጁ የለመደ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ልምዱም ቶሎ አይገኝም። «ይህን ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዕብጠቱ አልመለስ ብሎ ቢደድር፥ አጥብቆ ቢያምና ቢያስታውክ ግን ክርክሩ ይቅር። አንጀቱ ታንቆ ሊበሰብስ ይችላልና ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት መድረስ ነው።

አረጋዊው ሳንባቸው የደከመ፥ ቡአቸውም በአንድ ወገን ብቻ ስለ ነበረ፥ ሐኪሙ በቀዶ እንዲሆን መከረ፤ ልጃቸውም ምክንያቱን ሰምቶ ተቀበለ። በቀጠሮው ማለዳ ጠበል ሊጠጡ ሲሉ ነርሷ ብትከለክላቸው ተቈጡ። ለማደንዘዣ ሆድ ባዶ መሆን አለበትና፥ ጠበልም ቢሆን ሐኪም ሳይጠየቅ አይጠጣም። በዚያው ቀን ማታ ቤታቸው ገቡ። ስግደቱንም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ቆመው ብቻ እንዲጸልዩ የንስሓ አባታቸው ነገሯቸው።