የጥጥ ፈትል

ፈትል አጫጭር የጥጥ ቃጫዎችን እየሳቡና እያከረሩ ረጅም ክር የማድረግ የእጅ ሥራ ነው። የሚገኘውም ክር ራሱ ፈትል ይባላል። በኢትዮጵያ ዋናው የመፍተያ መሣሪያ እንዝርት ሲሆን፣ በእጅ የሚዞር የመፍተያ መዘውርም አለ። በሁለቱም መሣሪያዎች የፈታይ ችሎታ የሚታወቀው በፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ክሩን ለታሰበለት አገልግሎት፣ ማለትም ለድር ወይም ለማግ፣ እኩል አድርጎ በማውጣት ነው።

በሐይቅና በአምባሰል

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። የአምባሰል ወረዳ ከእርሷ በስተሰሜን ሲሆን ማዕከሉ ውጫሌ ነው። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጥጥ ግን ሙቀት የሚወድ የቆላ ተክል ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚመረተውም እንደ ታችኛው አዋሽ፣ መተማና ሁመራ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ነው። ስለዚህ በደጋና በወይና ደጋ ለምትኖር ፈታይ ጥጥ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ነው። የተበላሸ ፈትል የባከነ ድካም ብቻ ሳይሆን የባከነ ገንዘብም ይሆናል።

በልማድ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ከፈትሉ ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡልኮ ይሠራል። በክርስቲያኑ ዘንድ በእሑድና በታላላቅ በዓላት አይፈተልም። በወሎ ደጋ ከጥጥ ሌላ የበግ ጠጉርም እየተፈተለ ባና ይሠራበታል።

ጥጡን ማዘጋጀት

ጥሩ ፈትል የሚጀምረው እንዝርት ከመነሣቱ በፊት ነው። በመጀመሪያ ጥጡ በድንጋይ ላይ በብረት ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል። ቀጥሎም በደጋን ተነድፎ ይፍታታና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በስሱ ተዘርግቶ ሲጠቀለል አመልማሎ ይባላል። አመልማሎው አንዱ ቦታ ወፍራም፣ ሌላው ቦታ ስስ ከሆነ ክሩም እንደዚያው ይሆናል። ጀማሪዎች የእጃቸው ጥፋት የሚመስላቸው ጉድለት ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

መሳብና ማክረር

የጥጥ ቃጫ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ነው። እነዚህን አጫጭር ቃጫዎች አንድ ክር የሚያደርጋቸው ክረት ነው፤ ሲከሩ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ቢጎተቱም አይሾልኩም። የክረቱ መጠን እንዝርቱ የዞረበት ብዛት ለተሳበው ክር ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለምሳሌ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሳብ እንዝርቱ 60 ጊዜ ከዞረ፣ በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 6 ክረት ይኖራል። በዚያው ዙር 20 ሴንቲ ሜትር ከተሳበ ግን ክረቱ ወደ 3 ይወርዳል። ስለዚህ የፈታይ ጥበብ የሚሳበውንና የሚዞረውን ማመጣጠን ነው።

ድር በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ ስለሚቆይ ጠንከርና ከረር ያለ መሆን አለበት። ማግ ግን በመወርወሪያ ውስጥ ሆኖ በድሩ መካከል የሚያልፍ ስለሆነ ላላና ለስለስ ሊል ይችላል። የጋቢ ልስላሴና ሙቀት በአብዛኛው ከማጉ የሚገኝ ነው።

ጉድለቶችና ማረሚያቸው

ክሩ ሳይበጠስ ሾልኮ የሚለያይ ከሆነ ክረቱ አንሷል፤ መሳቡን ገታ አድርጎ እንዝርቱን ማዞር ያስፈልጋል። በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ የሚቋጠር ከሆነ ክረቱ በዝቷል፤ ፈጠን ብሎ መሳብ ያሻል። ክረት ሁልጊዜ ወደ ስሱ ቦታ ይሮጣል፤ በዚህ ምክንያት ስሱ ይከራል፣ ወፍራሙ ደግሞ ሳይከር ይቀራል። ይህን ለማረም ወፍራሙን ቦታ ግራና ቀኝ ይዞ ትንሽ ማላላትና ቀስ ብሎ መሳብ በቂ ነው። የተፈተለው ክርም በየጊዜው በጥንቃቄ ልቃቂት ካልተደረገ ውሉ ይጠፋል።

ከእንዝርት ወደ መዘውር

የኢትዮጵያ እንዝርት ቀጭን ዘንግ ሲሆን በላይኛው ጫፉ አጠገብ ትንሽ ክብ ክብደት አለው። ፈታይዋ ዘንጉን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ እየሾረ ሳለም ሁለቱም እጆቿ ክሩን ለመሳብ ነፃ ይሆናሉ።

በመዘውር ግን አንዱ እጅ ትልቁን መዘውር ሲያዞር፣ በገመድ የተያያዘው ቀጭን ዘንግ በፍጥነት ይሾራል። የትልቁ ስፋት 50፣ ዘንጉ ላይ ገመዱ የሚያርፍበት ክብ ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ መዘውሩ አንዴ ሲዞር ዘንጉ 50 ጊዜ ያህል ይዞራል። ክረቱ በፍጥነት ስለሚገባና ለመሳብ የሚቀረው አንድ እጅ ብቻ ስለሆነ፣ በእንዝርት የተካነችም ፈታይ መጀመሪያ ላይ ክሩ ይቋጠርባታል። መፍትሔው ጥጥ ሳይያዝ መዘውሩን በዝግታና በእኩል ፍጥነት ማዞርን መለማመድ፣ ከዚያም በተረፈ ጥጥ መሞከር ነው። መዘውር የእጅን ፍጥነት ያበዛል፤ የተዛነፈ እጅ ከሆነም መዛነፉን ያበዛል። በሕንድ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ማኅተማ ጋንዲ የእጅ ፈትልን ሲያስፋፉ የተጠቀሙበት ቻርካ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው።

የዛሬው ሁኔታ

ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች የፋብሪካ ድር ከእጅ ፈትል ማግ ጋር ይጠቀማሉ። ከዚህ የተነሣ ከሁለቱ ከባዱ የሆነው የድር ፈትል ችሎታ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ዕድል ጠብቧል። የአሻሻጡም መንገድ ለውጥ ያመጣል። 1 ግራም ጥጥ 20 ሜትር ክር ከሚወጣው ይልቅ 40 ሜትር ቢወጣው፣ ከ100 ግራም ጥጥ 2,000 ሳይሆን 4,000 ሜትር ይፈተላል። ፈትሉ በክብደት ብቻ ከተሸጠ ግን ቀጭን የፈተለችው ሴት ለእጥፍ ሥራ የምታገኘው ያንኑ ዋጋ ነው። ችሎታን ማሻሻል ለፈታይዋ የሚጠቅመው ጥራቱም አብሮ ሲከፈልበት ነው።