ጉርሻ ሲያስፈራ

ጤናማ ምግብን የሙጥኝ ማለት ራሱ ሕመም ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ስም ካገኘ 30 ዓመት ሊሞላው ነው። ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው ሐኪም ስቲቨን ብራትማን ሲሆን፣ ጊዜውም 1997 እ.ኤ.አ. ነበር። «ኦርቶሬክሲያ» አለው፤ ኦርቶዶክስ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው፣ «ቀና» ማለት ነው። ብራትማን የጀመረው ከራሱ ነው። በጋራ እርሻ ላይ ይኖር በነበረበት ዘመን ከተቀጠፈ 15 ደቂቃ ያለፈውን አትክልት አይቀምስም፣ እያንዳንዱን ጉርሻም 50 ጊዜ ያኝክ ነበር። ቃሉ ከዚያ ወዲህ ከመጽሔት ወደ ክሊኒክ ዘልቋል፤ ሆኖም በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ አልመዘገበውም። በ2022 የተለያዩ አገሮች ባለሙያዎች በትርጉሙና በምልክቶቹ ላይ የጋራ ሰነድ አውጥተዋል። ሕክምናው በአብዛኛው ለሌሎቹ የአመጋገብ ሕመሞች ከሚሰጠው የተለየ አይደለም።

የሚያከራክረው መለኪያው ነው። በ2005 ጣሊያናዊው ሎሬንዞ ዶኒኒና ባልደረቦቹ «ኦርቶ-15» የተባለ ባለ 15 ጥያቄ መጠይቅ አቀረቡ። ለጤናማ ምግብ ጨምሮ መክፈልን፣ ደንብ ሲጣስ የሚመጣ ጸጸትን፣ ብቻ መብላትን የመሳሰለ ነገር ይጠይቃል። ተመራማሪዎች ተሻሙበት፤ ውጤቱ ግን ጉድ ነው። በ2017 ቶማስ ደንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት መጠይቁ ከአሜሪካውያን ተማሪዎቹ 71 በመቶውን ሕመምተኛ አደረጋቸው፤ ጤናቸው ወይም ኑሯቸው የተናጋው ብቻ ሲቆጠሩ ግን 1 በመቶ እንኳ አልሞሉም። መጠይቁ የለካው ጥንቃቄን እንጂ ሕመምን አልነበረም ማለት ነው። እንዲህ ያለ መለኪያ ወደ ሃይፋው ሰፈር ሀዳር ሃካርሜል ቢመጣ ማንን ያስቀራል? ካሽሩት (የአይሁድ የምግብ ሕግ) የሚጠብቀውን፣ ስኳር ያለባትን እናት፣ በማሳዳ ጎዳና ካፌ የሚቀመጠውን ቪጋን፣ ሁሉንም በአንድ ወንፊት ያበጥራል።

ኢትዮጵያውያን ባሉበት ሰፈር ደግሞ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል፦ ወገናችን በስኳር በሽታ እየተጎዳ ስለ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ተቃውሞው መሠረት አለው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በመጡ ወጣቶች ላይ ስኳር በሽታ መብዛቱን «ዳያቢቲስ» የተባለው መጽሔት በ1988 ጽፎበታል፤ አገር ቤት ብርቅ የነበረው በሽታ ከለስላሳ መጠጥና ከነጭ ዱቄት ጋር ቤት ገባ። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ በበዛባቸው የታሸጉ ምግቦች ላይ የሚለጠፈው ክብ ቀይ ምልክትም የሚጠቅመው ለእነዚሁ ቤተሰቦች ነው። የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ነርስ «እንጀራውን ቀንሺ» ስትል ሕመም እየዘራች አይደለም። ነገር ግን የስኳር ሕመምተኛ ጥንቃቄ የሚመዘንበት ቁጥር አለው፤ ስኳሩ ሲስተካከል ልቡ ያርፋል። በኦርቶሬክሲያ የተያዘው ሰው የሚያርፍበት ቁጥር የለም። ዛሬ ስኳር ይተዋል፣ ነገ ዳቦ፣ ከነገ ወዲያ ዘይት፤ ቀጥሎ ሌላው ሰው ያበሰለውን ሁሉ። (ጤፍን «ሱፐር ፉድ» እያሉ የሚሸጡልን ሰዎች ወሬ ለዚህ ማገዶ ነው፤ ጤፍ ግሉተን የለውም፣ መድኃኒት ግን አይደለም።)

ጾምስ? ይህ ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ጾመኛና ኦርቶሬክሲያ ያለበት ሰው ይመሳሰላሉ። ሲግድ የተባለውን የቤተ እስራኤል በዓል እንይ። ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ ይጾማል፣ ይጸለያል፣ ከሰዓት ላይ ግን ዳቦው ይቆረሳል፣ ሁሉም አብሮ ይበላል። ጾሙ መፍቻ አለው፤ የሚጾመውም የሚፈታውም ማኅበር ነው። በጎንደር መንደሮች የቤተ እስራኤል የንጽሕና ሥርዓት፣ «አትንኩኝ» የተባለው፣ ከማንኛውም የዘመኑ ዳየት የጠበቀ ነበር፤ የባዕድ እጅ የነካውን አያስበላም። ያም ቢሆን ሰውን ወደ ገዛ ወገኑ መሶብ ይመልሰው ነበር እንጂ ብቻውን አያስቀረውም። ስለዚህ የእኛ ሰው ከመጠይቁ ይልቅ የሚያየው ሌላ ምልክት አለ፦ ሰርግ ላይ የራሱን ምግብ በዕቃ ይዞ የሚመጣ፣ አክስቱ ጠቅልላ ስትዘረጋለት በምን ዘይት እንደተሠራ ሳይጠይቅ አፉን የማይከፍት፣ ከጠየቀም በኋላ የማይጎርስ ሰው። እሷ እጇን እንደዘረጋች ናት፣ እሱ የወጡን ዘይት እያየ ነው።