ትርፍና ጥበብ በጨዋታ አሳታሚዎች ዘንድ

እዚህ በአምደወርቅ ወጣቶች በስልክ የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ከወዴት እንደሚመጡ ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። ጨዋታውን የሚሠራው ባለሙያ ነው፤ ገንዘብ አውጥቶ ለገበያ የሚያቀርበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፤ እርሱም አሳታሚ ይባላል። አሳታሚው ገንዘቡን አስቀድሞ ስለሚያወጣ ቶሎ እንዲመለስለት ይሻል፤ ባለሙያው ደግሞ ሥራው እስኪያምር ድረስ ጊዜ ይለምናል። እኔ ለማስረዳት የምሞክረው፥ ትርፍና ጥበብ ጠላቶች እንዳልሆኑ፥ የሁለቱም ጠላት ችኮላ መሆኑን ነው።

ለዚህ አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ምስክር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 አራት ባለሙያዎች ስማቸው በሥራቸው ላይ ባለመጻፉና ከትርፉ ባለመካፈላቸው ለቀው ወጥተው አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በ1982 ደግሞ አታሪ «ኢ.ቲ.» ከተባለው ፊልም ጨዋታ ለማውጣት መብቱን በብዙ ገንዘብ ገዛ፤ ነገር ግን ለገና ገበያ እንዲደርስ ሲል ለባለሙያው ለሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ጨዋታው ሳይበስል ወጣ፤ አያሌ ሚሊዮን ቅጂም ሳይሸጥ ቀረ። ከዚሁም ከፊሉ ከሌላ ዕቃ ጋር በ1983 በኒው ሜክሲኮ ጉድጓድ ተቀበረ፤ በ2014 ተቆፍሮ ታየ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ወደ አሜሪካ ገበያ ከገባ በኋላ ግን አንድ አሳታሚ በዓመት ከአምስት ጨዋታ በላይ እንዳያወጣ ወሰነ፤ ጨዋታዎቹንም ራሱ ይመረምር ነበር። በዚህም ገዢው ገበያውን እንደገና አመነ፥ ኩባንያውም አተረፈ።

በአገራችንም አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ በ2018 «ኩኩሉ» የተባለውን፥ ዶሮ ከገበሬ የምታመልጥበትን ጨዋታ አወጣ፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አመጣ። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን ጨዋታ በነፃ እናወርዳለን እንጂ ከፍለን አናውቅም። ያልተከፈለው አሳታሚ ከማስታወቂያ ገቢ ይፈልጋል፤ ማስታወቂያውም ሲበዛ ተጫዋቹ ተሰላችቶ ይተወዋል። ስለዚህ ጥበቡ እንዲኖር እኛም ድርሻ አለብን።

ክቡራን ወላጆች፥ ከልጆቻችሁ መካከል ነገ የአገሩን ጨዋታ ለመሥራት የሚነሣ ይኖር ይሆናል። እንግዲህ ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቅ ምከሩት፤ ይኸውም ስንት ጊዜ ይሰጠኛል? ስሜ ይጻፋል ወይ? ከትርፉስ ምን ያህል ይደርሰኛል? ብሎ ነው።