ራጅ ያላየው እሳት

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከሑመራና ከመተማ እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋው ሜዳ የእጅ ያለህ ይላል። ፍሬው ፈንድቶ ከመርገፉ በፊት ሰሊጡ በማጭድ መታጨድ፣ መታሰርና መቆም አለበትና። ማጭድ የሚጨብጠውም፣ ቃታ የሚስበውም፣ ሊጥ የሚያቦካውም ያው ጣት ነው። ስለዚህ የጣት ሕመም ተራ ነገር አይደለም።

በዚሁ ጠረፍ የምትኖር የአንድ ባልደረባችን ባለቤት ጧት ጧት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏት ጀመር። የጋብቻ ቀለበቷ ጠበባትና አወለቀችው። ባለቤቷ «ብርድ ነው፤ ይለቅሻል» አላት። ወራት አልፈው ራጅ ስትነሣ «አጥንትሽ ደኅና ነው» ተባለች። ከዚያ ወዲያ ሥራ የጠላች መስላ ታየች። ከሕመሙ ይልቅ ይህ ጥርጣሬ ጎዳት።

ራጁ ዋሽቶ ይሆን? አልዋሸም። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ታኅሣሥ 13 ቀን 1888 ዓ.ም. የባለቤቱን እጅ በራጅ ሲያነሣ፣ ጐልተው የታዩት የጣቶቿ አጥንቶችና ቀለበቷ ነበሩ። ያን ጊዜ አባቶቻችን የአምባላጌን ድል ተቀዳጅተው ነበር፤ የዐድዋው ድል ገና ከፊታቸው ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ በኔፕልስ የሚገኝ የኢጣልያ ጦር ሆስፒታል በዚሁ ጦርነት የቆሰሉ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንሥቶ ጥይቱ ያለበትን ለየ። እንግዲህ ራጅ ከጥንቱ አጥንትን፣ ቀለበትንና ጥይትን ማሳየት ያውቃል፤ የለስላሳውን ሥጋ መቆጣት ግን በሚገባ አይለይም።

ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው በሽታ ደግሞ የሚጀምረው ከዚያው ከለስላሳው ነው። ለሰውነት ዘብ የቆመው ኃይል በገዛ ወገኑ ላይ ይተኩሳል፤ የመገጣጠሚያው የውስጥ ስስ ሽፋን ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ደም ይበዛበታል። ካልታከመ አጥንቱን ይበላል። ራጅ የተበላውን አጥንት ሲያሳይ ጠላት ምሽጉን ይዟል ማለት ነው።

አልትራሳውንድ ግን አስቀድሞ ይደርሳል። ለጣት በሚስማማ መዳሰሻ ሲታይ ያበጠው ሽፋንና የተጠራቀመው ፈሳሽ ይለያል። ዶፕለር የተባለው ስልት ሲታከልበት፣ በተቆጣው ሥፍራ የሚመላለሰው ደም በቀለም ደምቆ ይታያል። ጨረር ስለሌለው ለነፍሰ ጡርም አያሰጋም። ኤም.አር.አይ. ከዚህም አልፎ አጥንቱ ከመበላቱ በፊት በውስጡ የሚፈጠረውን እብጠት ያሳያል፤ ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም።

ሆኖም የጣት ሕመም ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከገዳሪፍ በስተሰሜን በምትገኘው ከሰላ የተዛመተው፣ በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ካልተፈላ ወተት የሚገኘው ብሩሴሎሲስም መገጣጠሚያን ያማል። ስለዚህ ምስል ብቻውን አይፈርድም፤ የሐኪም ምርመራና የደም ምርመራ ያስፈልጉታል።

ጓድ ወታደር ሆይ! የባለቤትህ ጣቶች ጧት ከግማሽ ሰዓት በላይ ከደረቁ፣ አንጓዎቿ ካበጡ፣ ስትጨብጣት ካመማት፣ ይህም ለሳምንታት ከዘለቀ፣ «ብርድ ነው» ብለህ አትለፍ። በሽታው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ራጁ ደኅና ቢልም እብጠቱ ካልለቀቀ፣ አልትራሳውንድ ይገኝ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቅ። ሕክምናው በጊዜ ሲጀመር መገጣጠሚያውን ከጉዳት ሊያድን ይችላል። አንቺም እኅታችን፣ ካረገዝሽ ወይም ልትወልጂ ካሰብሽ አስቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ከመድኃኒቶቹ ፅንስን የሚጎዱ አሉና።

ያቺ እኅታችን በመጨረሻ አልትራሳውንድ ታይታ እሳቱ ተገኘ፤ ሕክምናም ጀመረች። ቀለበቷ ገና ወደ ጣቷ አልተመለሰም። ሊጡን ግን ራሷ ታቦካለች፤ ባለቤቷም ውኃውን ይቀዳላታል።